የታችኛው ሰፈር ቆጠራ

ነገሌ ቦረና አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋበት ጊዜ፣ መንግሥት ሰው ሊቆጥር ነው ተባለ። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። የሚቆጠረው አገሩ በሙሉ አልነበረም። እዚህም እዚያም ሰፈር ይመረጣል፤ የተመረጠው ሰፈር ስለ ቀረው አገር ይመሰክራል ይባላል። ከእኛ ከተማ ዕጣው የወጣው ለታችኛው ሰፈር ነው፤ ከኩሬው በታች፣ ከቆዳ ማድረቂያው አጠገብ ላለው። ቆጣሪ ሲፈለግ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ኦሮምኛ የሚያውቅ፣ ከተቻለም ሴት ይሁን አሉ፤ ወረቀቱ ላይ ለእናቶች ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ነበረበት። ሦስቱንም የማሟላው እኔ ብቻ ሆንኩ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጭ ከቦረናና ከጉጂ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ነው ያደግሁት። ሃያ ዓመቴ ነበር። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ያችን ልጅ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

ጥያቄው አጭር ነው። ስንት ወለዱ? ስንቱ በሕይወት አሉ? ስንቱ ሞቱ? የበላይ ተቆጣጣሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። በዚያ ሙቀት ከረባት ያስራል፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም። የከተማው ልጆች ሲተኛም አያወልቀውም እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ከሌሎች ከተሞች ከመጡ ቆጣሪዎች ጋር ሁለት ቀን አሠለጠነን። ግብር ሊጨመርብን ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ስለማይጠፋ፣ "መንግሥት ሐኪምና ንጹሕ ውሃ የት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው ብላችሁ አስረዱ" አለን። ይህን ቃል እንደ ወንጌል ያዝኩት። እውነት መሆኑን የተጠራጠርኩበት አንድም ደቂቃ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ባዶ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በር ይከፍታሉ፣ አካም ይላሉ፣ ወተት ይሰጡኛል። "ስንት ልጅ አለዎት?" ስል ግን አንደኛዋ ፈጣሪን ጠርታ "ዋቃ ያውቃል" ትላለች፤ ሌላዋ "የሰጠን ያህል አሉ" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። በዚያ አገር ሰው ልጁንም ከብቱንም አይቆጥርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል። እረኛው ላሞቹ ሲገቡ በመልክ በመልካቸው ያያቸዋል። አንዷ ብትጠፋ "ቡሬዋ የለችም" ይላል እንጂ አንድ ጎደለ አይልም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቄም ግን የባላገር ወግ አድርጌ ንቄዋለሁ፤ ተምሬያለሁ አይደል እንዴ!

በሁለተኛው ቀን ዘዴ አበጀሁ። ሴቶቹን በአፋችሁ አትቁጠሩ፣ በቆሎ አምጡ አልኳቸው። ለወለዱት ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የሞቱትን ወደ አንድ ጎን ገለል ያደርጋሉ። ቆጥሬ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ከእናት አፍ አልወጣም። አንዳንዶቹ በዚህ ተስማሙ። በዘዴዬ በጣም ኮራሁ፤ ለተቆጣጣሪውም ነገርኩት፣ "ጎበዝ" አለኝ።

በሰፈሩ ጥግ ወተት እየሸጠች የምትኖር አንዲት የጉጂ ሴት ነበረች። ባሏ ከብት ሊሸጥ ወደ ፊልቱ ከሄደ ወራት አልፎት ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ ሳስበው ከሠላሳ አምስት አትበልጥም ነበርና፣ በጽሑፌ አንቺ ብላት የምትቀየመኝ አይመስለኝም። ቤቷ ስገባ ሦስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ልጅቱ እናቷ ስትራመድ ትራመዳለች፣ ስትቆም ትቆማለች።

"አካም ጅርታ፣ አዮ?" አልኳት። አዮ ማለት እናት ነው፤ ለእሷ ዓይነት ሴት የሚባል የአክብሮት ጥሪ።

"ናጋ፣ ናጋ። ግቢ ልጄ" አለችኝ፤ የቆዳ ምንጣፏን፣ ጀንዲውን፣ አራግፋ አስቀመጠችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ብዙ አንገራግራ በቆሎውን በጭብጧ አመጣች። ከዚያ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ጀንዲው ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ "ይሄ ኩፍኝ። ይሄም ኩፍኝ፣ በአንድ ሳምንት። ይሄ ጡት ሳይዝ። ይሄ ተቅማጥ። ይሄ ተቅማጥ። ይሄ አላውቅም፣ ጠዋት ሲነቃ ደኅና ነበር" አለች። ስድስት ፍሬ ሆነ። ሰባተኛው ጭብጧ ውስጥ ቀረ።

"ያኛውስ፣ አዮ?"

"ይሄ አይቀመጥም።"

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ስድስት ሞቱ ብዬ ጽፌ፣ የቀረውን በዓይኔ አይቼ መሙላት እችል ነበር፤ ልጅቱ ፊቴ ቆማለች እኮ! ግን ደንቡ እናት ራሷ ትመስክር ይላል፤ እኔ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነበርኩ። ደግሞም እልህ ያዘኝ። "አዮ፣ ሐኪም የሚመጣው ለሞቱት ነው?" አልኳት። "ለሞቱት ምን ያደርግላቸዋል? የሚመጣው ለሕያው ነው። እርስዎ ሕያው ልጅ አለኝ ካላሉ፣ እዚህ ቤት ለማን ብሎ ይምጣ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሐኪም ይመጣል?"

"ቆጠራው እንዳለቀ ይመጣል።"

ይህችን "ቆጠራው እንዳለቀ" የምትል ነገር ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው የጨመርኳት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይሉ የለ! ሴትየዋ ዞር ብላ ልጅቱን አየቻት። ከዚያ ሰባተኛውን ፍሬ ከስድስቱ አርቃ፣ ከጉልበቷ ሥር አስቀመጠችና በመዳፏ ሸፈነችው።

"ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

ፍሬውን አነሳችና አፏ ውስጥ ከታ ዋጠችው። ልጅቱን ወደ ጭኗ ሳበቻት። ስወጣ አልሸኘችኝም፤ በዚያ አገር እንግዳ ሳይሸኙ መቅረት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን በሩ ሁሉ ተከፈተልኝ። ሐኪም ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ እየደረሰ፣ ሴቶቹ በቆሏቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ ጀመር። "ሐኪሙ ወንድ ነው ሴት? ለዓይንም መድኃኒት ይይዛል?" ይሉኛል። እኔም እንደ ባለሥልጣን እመልሳለሁ። በስምንተኛው ቀን ሰፈሩ ተቆጥሮ አለቀ፤ ቤቴ ተቀምጬ ወረቀቶቹን መደመር ጀመርኩ።

ደጋግሜ ደመርኩ። በየቤቱ ከሕያዋኑ ሙታኑ ይበልጣሉ። እዚያች ከተማ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፤ በዚያ ሰፈር በየቀኑ አልፋለሁ፤ ግን አላውቅም ነበር። ሕፃን ሲሞት ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይቀመጡም። አባትና አንድ ጎረቤት በጨርቅ ጠቅልለው ይወስዱታል፤ በማግስቱ እናቲቱ ወተቷን ይዛ ገበያ ትወጣለች። ልጅ ስለማይቆጠር የሞተውም አይነገርም። ያደማኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ሁሉም፣ በር እየዘጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በእኔ ላይ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው" ብለውኛል። አንደኛዋ የአማቷ እርግማን ነው አለች፤ ሌላዋ በሠርጓ ቀን የተሠራ ስሕተት ነው። ሁሉም የሚጠጡት ከዚያው ኩሬ ነው። እኛ ላይኛው ሰፈር ያለነው ውሃችን ከጦር ሰፈሩ በቦቴ ይመጣልናል። እርሳሱን አስቀምጬ አለቀስኩ። ልቅሶዬ ውስጥ ግን ደስታም ነበረበት፤ ይህን ያየ መንግሥት ሐኪም ሳይልክ አያድርም ብዬ አምኜ ነበርና።

ተቆጣጣሪው ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወረቀቶቹን ገለጠ። ትንሽ ቆይቶ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ።

"ወይዘሪት፣ ይህ ሊሆን አይችልም።"

"ምኑ?"

"ይህን ያህል ሞት። ውርጃውን ከልጅ ጋር ደምረሽዋል። ወይም እርዳታ ይሰጠናል ብለው ዋሽተውሻል።"

"አልደመርኩም። አንድ በአንድ ነው የነገሩኝ፤ በምን እንደሞቱ ጭምር።"

"እንዲህ ሆኖ አዲስ አበባ ቢገባ፣ ቆጣሪዋ ተሳስታለች ብለው ይጥሉታል። ድካምሽም ከንቱ ይሆናል። ተመልሰሽ አጣሪ።"

ወረቀቶቹን በቁጣ ሰበሰብኩ። ግን ሄድኩ፤ ይጥሉታል የሚለው አስፈርቶኝ ነበር። ሁለተኛ ስመጣ የሰፈሩ ፊት ተለውጧል። አንዴ መቁጠሩ በስንት መከራ ነው፤ ሁለተኛ መቁጠር ማለት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ብዙዎቹ በራቸውን ዘጉብኝ። ወተት ሻጯ ግን በሯን አልዘጋችም። ልጅቱን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ እኔን ስትጠብቅ ነው የቆየችው።

ልጅቱ ታማለች። ትኩሳትና ተቅማጥ ነው፤ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኖቿ ግን ይከተሉኛል። ወረቀቴን ከኋላዬ ደበቅሁት።

"ያ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ዛሬ ቆዳ ጭኖ ወደ ይርጋለም ይሄዳል" አለች እናቲቱ። ጎረቤቷ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አለው። "ጋቢና ውስጥ አስቀምጥሻለሁ፣ ብር አልፈልግም፣ ሆስፒታሉ በር ላይ አወርድሻለሁ ብሎኛል። ከቀትር በኋላ ይነሳል። አንቺ ደግሞ ሐኪም ይመጣል ብለሻል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?"

 ያኔ ያሰብኩትን ሳልሸሽግ ልናገር። መንገዱ ከአንድ ቀን በላይ ነው፤ በሙቀቱና በእንግልቱ ልጅቱ መንገድ ላይ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሳፍራል። "ሐኪሙ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም" ብላት ወሬው በሰፈሩ ይዳረሳል፤ ማጣራቱም ይቀራል፤ ወረቀቴም ይጣላል። ስለ ወረቀቴ ነው ያሰብኩት። ልጅቱ ፊቴ እየደረቀች ስለ ወረቀቴ አሰብኩ።

"መንገዱ ይጎዳታል" አልኩ። "ይጠብቁ፣ አዮ። ሐኪሙ አይቆይም።"

"እሺ" አለች፤ ልጅቱን ይዛ ገባች። ምንም ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ሄድኩ፤ ሐኪሙ በስንት ቀን እንደሚደርስ ልጠይቀው። ምሳውን እየበላ ነበር።

"የምን ሐኪም?" አለኝ።

"ቆጠራው ሲያልቅ የሚላከው።"

ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ፤ በእውነት አስቆት ነው። "ወይዘሪት፣ ይህ እኮ ይደመራል፣ ይጠናል፣ ይታተማል። ከዚያ ዕቅድ ይወጣበታል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ደግሞ ሐኪም እንልካለን ብሎ ማን ቃል ገባ?"

ማንም አልገባም። እኔ ነኝ የገባሁት። እንዴት ከበረንዳው እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ነጠላዬ መንገድ ላይ ወደቀ፣ አላነሳሁትም። የነጋዴው ሱቅ በር ላይ ስደርስ መኪናው ሄዷል። የጎማው ቀይ አቧራ ገና አልሰከነም ነበር። ሚስቱ "አሁን፣ አሁን ነው የወጣው። ሴትየዋን ሁለቴ ጠርቷት አልሄድም አለችው" አለችኝ። ሌላ መኪና መቼ እንደሚወጣ ጠየቅኋት። "በሳምንቱ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ተመልሼ ተቆጣጣሪው እግር ላይ ወደቅሁ። ላንድሮቨር ነበረው፤ ሆቴሉ ጥላ ሥር የቆመ፣ ነዳጁ የሞላ። "ይርጋለም ድረስ፣ አንዴ ብቻ" አልኩት። ነዳጁ በልክ የተሰጠ ነው፣ መኪናው የመንግሥት ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አሬሮ መድረስ አለበት። እየደጋገመ ይህንኑ ነገረኝ። አዘነልኝ፤ ማዘኑንም አየሁ። ከሻንጣው አስፕሪን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃም ጨመረልኝ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጦር ሰፈሩን ለመነ፤ የሚፈቅደው መኮንን ከከተማ ወጥቷል አሉት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣ፣ አየ፣ የያዘውን ኪኒን ሰጠ፤ ልሸኘው ስወጣ ደጅ ላይ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሁለቱን ቀን ከዚያ ቤት አልወጣሁም። ውሃ አፍልቼ፣ በጨው በስኳር አዋሕጄ በማንኪያ አጠጣታለሁ፤ ታስመልሰዋለች። እናቲቱ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ "ዛሬ ይመጣል?" እኔም "ምናልባት ዛሬ" እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ። ውጭ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች። ቡና የጫነ መኪና ይሆናል፣ የወታደር መኪና ይሆናል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ቀን እኔም አብሬያት ብድግ ማለት ጀምሬ ነበር። ሐኪም እንደማይመጣ የማውቀው እኔ!

ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች።

አባቷ ስላልነበረ ነጋዴው የላከው የሱቁ ሠራተኛና አንድ ሽማግሌ ወስደው ቀበሯት። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። ብቻዬን ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ወረቀቱ ላይ "በሕይወት ያሉ" በሚለው መስመር በእጄ የጻፍኩት አንድ ቁጥር አለ። ሴትየዋ ልጄን የወሰዳት ያ ቁጥር ነው ብላ እንደምታምን አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ከእሷ የተለየ እምነት አልነበረኝም። ቢያንስ እሱን ላውጣላት አልኩ። ተቆጣጣሪው ሻንጣውን እያሰረ ነበር።

"አንድ ወረቀት ላርም" አልኩት። "አንዲት ልጅ ሞታለች።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"የቆጠራው ዕለት በሕይወት ነበረች?"

"ነበረች።"

"እንግዲያ በሕይወት ናት" አለኝ። "ደንቡ እንዲህ ነው። ቆጠራ ማለት የአንድ ቀን ሥዕል ነው። በኋላ የሞተውን ሁሉ እያወጣን፣ የተወለደውን ሁሉ እያስገባን ከሄድን መቼም አናልቅም።" ወረቀቶቹን በብረት ሣጥን ቆልፎባቸዋል። ሣጥኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልጮኸብኝም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀ። ለሾፌሩ "እንሂድ" አለው። ስለ ማጣራቱ አንድም ቃል አላነሳም። ወረቀቱ ይጣል አይጣል፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በማግስቱ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። እንድትረግመኝ ነው የሄድኩት። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ጀንዲው ላይ ተቀምጣ የወተት ዕቃዋን ታጥናለች፤ ገበያ አልወጣችም። ፊቷ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪም እንደሌለ፣ ማንም ሐኪም እልካለሁ እንዳላለኝ፣ ከራሴ እንዳወራሁት፣ በመኪናው ሂጂ ማለት ሲገባኝ ጠብቂ እንዳልኳት። ዕቃውን ማጠኗን አላቋረጠችም።

"ከወረቀቱም ላወጣት አልቻልኩም፣ አዮ" አልኳት። "ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። እዚያ ላይ አሁንም በሕይወት አለች ይላል።"

እጇ ቆመ። "ወረቀቱ የት ነው?"

"ሄደ። ትናንት ወሰደው።"

"ወዴት?"

"በአሬሮ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ።"

"በመኪና?"

"በመኪና።"

"አዲስ አበባ ሐኪም አለ?"

"አለ፣ አዮ።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

 ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ በሩን፣ መንገዱን ታያለች። ስትናገር ድምፅዋ ያኔ ፍሬዎቹን ስታስቀምጥ ከነበረው የበለጠ ለስላሳ ነበር።

"ደግ አደረግሽ፣ እንኳን አላወጣሻት" አለችኝ። "ከሰባቱ አንዷ እንኳ ሐኪም ጋ ትድረስልኝ።"